የነካኝ ነገር የለም

«የነካኝ ነገር የለም» አለ ባየህ፣ ሐኪሟ ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀው። ያቺ ቀጠን ያለች ሐኪም፣ ዶክተር ሰብለ ወንጌል የሚሏት፣ የራጁን ፎቶ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግታ አየች፤ አወረደችው፤ ደግማ አንስታ አየችው። «ከብት ረግጦህ? ከዛፍ ወድቀህ? ሰው መትቶህ?» አለች። ባየህ አንገቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሐኪሟ ታላቅ ወንድሙን ዘመነን አየችው። ዘመነ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ዳር ዳሩን በጣቱ እያዞረ «የለም ዶክተር፣ እንዲያው ሳይታሰብ የበቀለ ነገር ነው» አለ። መጨረሻ ላይ በሩ አጠገብ ወደቆመችው እህታቸው ወደ እማዋይሽ ዞረች። እማዋይሽ አፏን ከፈተች። ከፈተችና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ «እኔ እዚሁ ወረታ ነው የምኖር። ከነሱ ጋር አልነበርኩም» አለች። ይህ ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

ሐኪሟ ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና መጻፍ ጀመረች። እየጻፈች፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል፣ «ምት ቢኖረው ኖሮ ሌላ ነገርም አስብ ነበር» አለች። ዘመነ ባርኔጣውን ማዞሩን አቆመ። «ከሌለ ግን፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጠጣር እብጠት ጭን ላይ ወጥቶ በራጅ እንዲህ ሆኖ ሲታይ፣ የምንፈራው የአጥንት ካንሰር ነው። እናንተ ነቀርሳ የምትሉት። ነው አላልኩም፤ የምንፈራው ነው። ነገ ጠዋት ባሕር ዳር ሄዳችሁ ናሙና ይወሰዳል።» ዘመነ ከሆነስ ብሎ ጠየቃት። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ በቀጥታ እያየችው፣ ሳትቸኩል፣ ከሆነ ሕይወቱን ለማትረፍ እግሩን እስከመቁረጥ ሊያደርስ እንደሚችል ነገረችው። ከዚያ የጻፈችውን አንብባ አሰማቻቸው። «ምት የለውም፣ አልታሸም ብዬአለሁ። ልክ ነው?» ሁለቱ ወንድማማቾች ራሳቸውን ነቀነቁ። እማዋይሽ አልነቀነቀችም። ግን ማን አያት?

ውጭ፣ ከካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት፣ ከጣሪያው ጥላ ሥር አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ሦስቱም እዚያ ተቀመጡ። ዘመነ ብርቱካን ገዝቶ መጥቶ ልጦ፣ ፍሬ ፍሬውን ለያይቶ ለባየህ ሰጠው፤ ልጣጩን እጁ ላይ እንደያዘ ቀረ። ባየህ አንዷን ጎረሰና ሌላውን መዳፉ ላይ እያየ «ሩዙ ሊደርስ ነው» አለ። ዛሬ ንጋት ላይ ዘመነ ይህን ወንድሙን ከቁሐር ሚካኤል ሜዳ፣ ውሃው ገና ካልሸሸበት ማሳ መካከል አዝሎ እስከ አስፋልቱ አድርሶታል። ሠላሳ ዓመት የሞላውን ገበሬ፣ እንደ ሕፃን። መንገድ ላይ ያዩዋቸው ሁሉ ወንድም ማለት እንዲህ ነው እያሉ ከንፈር መጥጠዋል። እማዋይሽም ከባጃጁ ሲወርዱ አይታቸዋለች፤ ባየህ በወንድሙ አንገት ላይ እጁን ጠምጥሞ ጉንጩን ከትከሻው ላይ አሳርፎ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡ ድንገት ሰነፍ ብሎ የሩዙ ማሳ ውሃ መጉደል በጀመረበት ሰሞን፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ማሳቸው በሚዋሰንበት የአፈር ድንበር ላይ ተጣሉ። ባየህ ውሃው እንዳይወጣበት ድንበሩን በጭቃ ደፈነ። ዘመነ ውሃው ወደ እሱ ማሳ እንዲፈስ መጥቶ ከፈተው። ባየህ ደግሞ ደፈነው። ሦስተኛው ላይ ዘመነ የአካፋውን እጀታ አነሳና የወንድሙ ጭን ላይ አሳረፈው። አንድ ጊዜ ብቻ። ባየህ ውሃው ውስጥ ዘፍ አለ፤ ዘመነም አካፋውን ወርውሮ አጠገቡ ውሃው ውስጥ ተቀመጠ። ማንም ሰው ቶሎ አላነሳቸውም ይባላል፤ ሁለቱም አብረው ያለቅሱ ነበርና። አዲስ ዓመት በቂም አይገባም ተብሎ ጳጉሜን ሦስት ቀን ሽማግሌ ተሰበሰበ። የቤተሰቡ የነፍስ አባት ቄስ አዛናው ወንድማማቾቹን አሳስመው፣ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይህን ነገር ከእንግዲህ በቤት በደጅ፣ በቀልድ በቁም ነገር ያነሳ፣ በሚካኤል ስም ገዝቻለሁ» አሉ። ቤቱ በሙሉ አሜን አለ። ለበዓል ከወረታ የመጣችው እማዋይሽም አሜን ካሉት አንዷ ነበረች።

በዚያ አገር ሰው በብዙ ነገር ይቀልዳል፤ በግዝት ግን አይቀልድም። የተገዘተበትን ነገር ያነሳ ሰው ሲሞት ፍትሐት አያገኝም ብለው ያምናሉ። ሊሞት ይችላል የተባለ ሰው ደግሞ እግሩ ከመቆረጡ ይልቅ በግዝት ላይ ሆኖ መሞቱን አብልጦ ይፈራል። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ባየህ ወደ ግድግዳው የዞረው። ወጌሻው በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ጭኑን በቅቤ ሲያሽለት እንኳ ለወጌሻው የተነገረው ወለምታ ነው ተብሎ ነበር። በታሸ ቁጥር እብጠቱ እየጠጠረ ሄደ። እሱን ቢናገሩ ለምን ታሸ ይባላል፤ ለምን ታሸ ከተባለ ዱላው ይመጣል። ስለዚህ እሱንም ዋጡት።

እማዋይሽ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ በሆዷ ስታገላብጥ ቆየች። እሷስ ትኮነን፤ ለወንድሟ እግር ብትኮነን ግድ የላትም ነበር። ግን እሷ ብትናገር ሁለቱ ይክዷታል። ሐኪሟም ሁለት ወንዶች ካሉት አንዲት በሩ ላይ የቆመች ሴት ያለችውን ትቀበላለች? ያቺ ወረቀት፣ ምት የለውም የሚል ቃል የተጻፈባት ወረቀት፣ ነገ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፍራ ከባየህ ቀድማ ቢላዋው ዘንድ ልትደርስ ነው። ብድግ አለችና «መፈልፈያው ጋ ደርሼ ፈቃድ ልጠይቅ። ከዚህ እንዳትንቀሳቀሱ» አለች። «እታለም፣ አትቆዪ» አላት ባየህ። ከእናታቸው ሞት ወዲህ እናትም እህትም እሷ ናት።

ወደ መፈልፈያው መሄዷ እውነት ነበር። እማዋይሽ ከደብረ ታቦር መገንጠያ ወረድ ብሎ ባለው የሩዝ መፈልፈያ ውስጥ አበጣሪ ናት። ያ ቤት ከውጭ ሲያዩት በቆርቆሮ የተከበበ መጋዘን ነው፤ ከውስጥ ግን ሰው ሁሉ ነጭ ነው። የሩዙ ብናኝ ቅንድብ ላይ፣ ሽፋሽፍት ላይ፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ ላይ ያርፋል። ሴቶቹ በሁለት ረድፍ ተቀምጠው ሰፌዱን ያነሱታል፣ ያወርዱታል፤ የመፈልፈያው መኪና ስለሚጮህ የሚያወሩት በጩኸት ነው፤ ስለዚህ ወረታ ውስጥ የዚህን ቤት ሴቶች ምሥጢር የማያውቅ ባለ አይሱዙ የለም። ተቆጣጣሪው አንለይ ሚዛኑ ላይ ቆሞ ነበር።

«አንለይ፣ ዛሬ አልገባም!»

«ሩዙ ራሱን ያበጥር?»

«አንተ አብጥረው። እጅህ እንደሁ ከኛ ይለሰልሳል!»

ሴቶቹ ሳቁ። አንለይም ሳቀና ጠጋ ብሎ ወንድሟ እንዴት እንደሆነ ጠየቃት። በመኪናው ጩኸት ውስጥ «ደኅና ነው!» ብላ ጮኸችበት። ደኅና ነው የሚል ቃል እንዲህ ሲጮህ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። አንለይም አይቷት «ሂጂ፣ ሂጂ፤ ነገንም ተይው» አለ።

የባጃጁ ባለቤት ቻላቸው የአገሯ ልጅ ነው። ከመፈልፈያው ወደ ቄስ አዛናው፣ ቁሐር ድረስ ይዟት ሲሄድ ስለ መንገዱ፣ ስለ ነዳጅ ሰልፍ፣ የሩዝ ዋጋ ዘንድሮ ስንት ይገባ ይሆን እያለ ብዙ አወራት። እሷ አንዱንም አልሰማችም። የምታሰላስለው አንዲት ተንኮል ነበረች። የነፍስ አባት ሲያገኙ ሰላምታው «ይፍቱኝ አባ» ነው፤ ምላሹም «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ነው። ልማድ ነው፤ ሰው በቀን አሥር ጊዜ ይለዋል። ሄዳ ይፍቱኝ ብትላቸው፣ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ይፍታሽ ቢሉ፣ ተፈታሁ ብላ መመለስ አትችልም? ቃሉ ያው ቃል አይደለም? አስፋልቱን ለቀው ወደ ጭቃው መንገድ ሲገቡ ይህን ሐሳብ ራሷ አፈረችበት። ሐኪሟን አታልለዋት ነው እዚህ የደረሱት፤ ቄሱንም አታልላ ወዴት ልትደርስ ነው?

ውሃው መንገዱን የቆረጠበት ላይ ቻላቸው ባጃጁን አቆመ። ከዚህ ወዲያ በእግር ነው፤ ጫማዋን በእጇ ይዛ በድንበር ድንበሩ ሄደች። የቄሱ ሚስት፣ እማሆይ ሳይሆኑ እንደ እማሆይ ነጭ የማይለያቸው ጥሩብርሃን፣ ከበር ላይ ሆነው ከሩቅ አዩዋትና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«እማዋይሽ ነሽ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እመይቴ።»

«ታዲያ በሥራ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ እግርሽን እንዲህ አርገሽ? ግቢ እንጂ፣ እህል ቅመሽ።»

«ቄሱ የት ናቸው?»

«ቄሱማ ሩዝ ውስጥ ናቸው፤ የት ይሆናሉ! ዳዊት ደግመው እንደወጡ እዚያው ናቸው። ያ የሚያማቸው ጉልበት አንድ ቀን እዚያው ይተክላቸዋል።»

ቄስ አዛናው ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው በላይ ሰብስበው፣ ጥምጣማቸውን በአሮጌ ቆብ ለውጠው፣ ውሃው ውስጥ ጎንበስ ብለው የመጨረሻውን አረም ይነቅሉ ነበር። በዙሪያቸው ነጫጭ ወፎች ቆመዋል፤ ከሩቅ ለሚያይ እሳቸውም ከወፎቹ አንዱ ይመስላሉ። እማዋይሽ ድንበሩ ላይ ቆመች።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ» አሉ ቀና እያሉ። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠራርገው ከደረት ኪሳቸው ትንሿን የእንጨት መስቀል አወጡና ዘረጉላት። እማዋይሽ አልተሳለመችም።

«ይፍቱኝ አባ።»

«ይፍታሽ አልኩሽ እኮ! ነይ ተሳለሚ እንጂ። ጭቃውን ተጸይፈሽ ነው?»

«ይፍቱኝ።»

«እንዴ! ይህች ልጅ ዛሬ ምን ሆናለች? ለመሆኑ ማን አስሮሻል?»

«እርስዎ።»

ቄሱ በግራ እጃቸው የያዙትን አረም ለቀቁት። «እኔ? መቼ?»

«ልናገር አልችልም።»

«ማን ከለከለሽ?»

«እርስዎ።»

ቄስ አዛናው መስቀሉን እንደዘረጉ ቆዩ። የዋህ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ሃያ ሰባት ዓመት የሰው ኃጢአት ሲሰሙ የኖሩ ናቸውና ዝምታ ማንበብ ያውቃሉ። «ባየህ ታሟል ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው።

«ታሟል።»

«ምኑን?»

«ጭኑን።»

«ምን ሆኖ?»

እማዋይሽ ከንፈሯን ገጥማ አየቻቸው። ዕንባዋ መጣ፤ ቃሏ ግን አልመጣም። ቄሱም ዕንባዋን አዩ፤ የተገጠመውን ከንፈሯንም አዩ።

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«ሐኪሟ እንደ እርስዎ ነው ያለች። ምን ሆኖ ነው አለች። ሦስት ጊዜ።»

«እናንተስ?»

«የነካው ነገር የለም አልን።»

ከዚያ ቄሱ ለራሳቸው «በቤት በደጅ፣ በቀልድ በቁም ነገር» አሉ፤ የራሳቸውን ቃል እየቆጠሩ። «አንድም በር ሳልተውለት ዘጋሁት። እኔ የገዘትኩት እኮ ለጠብ ነበር። ለመድኃኒት አልነበረም። ምነው ታዲያ ሳትጠይቁኝ?»

«ለመጠየቅም ማንሳት ነበረብን አባ።»

ቄስ አዛናው ከውሃው ለመውጣት እጃቸውን ዘረጉላትና ሳበቻቸው። በዚያ ጉልበታቸው እያነከሱ፣ እግራቸውን ከቦዩ አለቅለቅ አድርገው፣ ቤት ገብተው ጥምጣማቸውን አሰሩ። ጥሩብርሃን እህል ይቅመሱ ብለው ቢከተሏቸው «ስመለስ» አሉ። ሚስታቸው ወዴት እንደሚሄዱ ሲጠይቋቸው ደግሞ «ጥፋቴን ላነሳ» ብለው ወጡ። እማዋይሽን እዚያው ቢፈቷት ይበቃ ነበር የሚል ሰው ይኖራል። እሳቸው ግን የታሰሩት ሦስት ናቸው፤ በእኔ ቃል የተዘጋውን አፍ በሌላ ሰው አፍ ልኬ አላስከፍትም አሉ። ስንት ሰው ነው ተሳስቻለሁ ለማለት ይህን ያህል ጭቃ የሚሻገር?

ባጃጁ ጋ ሲደርሱ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው እንደገና ጠቁረው ነበር። ቻላቸው በሩን እየከፈተ «አባ፣ ወንበሬ ላይ ሩዝ ሊዘሩብኝ ነው?» አለ።

«ከበቀለልህ እኩል እንካፈላለን። ንዳው ልጄ፣ ንዳው።»

ሆስፒታሉ ሲደርሱ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ወንድማማቾቹ ከአግዳሚው አልተነሱም። ዘመነ የቄሱን ጥምጣም ከአጥሩ ወዲያ ሲያይ ፊቱ ሌላ ሆነ፤ ባየህ ደግሞ ለፍትሐት የመጡለት መሰለው። «ገና አልሞትኩም እኮ አባ» አለ። ቀልድ ነው ተብሎ ሊሳቅለት የሚችል ነገር አልነበረም። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ለቄሱ ተነሡላቸው፤ ቅድሚያ ይግቡ አሏቸው። ቄሱ አልገባም ብለው ከፊታቸው ያሉት ሁለት እናቶች እስኪወጡ ቆሙ። ዶክተር ሰብለ ወንጌል ነጭ ካፖርቷን ልታወልቅ አንድ እጅጌዋን እንዳወጣች አራቱም ተከታትለው ገቡ። ሐኪሟ አየቻቸው፤ ጠዋት ሦስት የነበሩት አራት ሆነዋል። ምንም ሳትጠይቅ እጅጌዋን መልሳ አጠለቀችና ተቀመጠች።

ቄስ አዛናው መስቀላቸውን አወጡ። «ጳጉሜን ሦስት ቀን ያሰርኳችሁን ሦስታችሁንም ፈትቻችኋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ንስሐውንም የምገባው እኔ ነኝ። ይህች ልጅ ሐኪም ናት። የጠየቀቻችሁን ንገሯት።»

ባየህ ነበር ቀድሞ የተናገረው። «ወድቄ ነው» አለ።

«ከምን?» አለች ሐኪሟ።

«ከድንበሩ። አዳልጦኝ።»

እማዋይሽ ዓይኗን ጨፈነች። ግዝቱ ተፈትቶለት፣ እግሩ በቢላዋ ሥር ሆኖ፣ ይህ ልጅ አሁንም ወንድሙን ይሸፍናል። ያን ጊዜ ዘመነ ተነሣ። ባርኔጣውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። «አልወደቀም። እኔ ነኝ። በአካፋ እጀታ የመታሁት እኔ ነኝ» አለ። «ለፖሊስም ከሆነ እሄዳለሁ።»

«እኔ ፖሊስ አይደለሁም። የት ላይ?»

ዘመነ ጎንበስ ብሎ መዳፉን በወንድሙ ጭን ላይ አኖረ። ቀስ ብሎ ነው ያኖረው፤ ትኩስ ነገር እንደሚነካ ሰው። መዳፉ እብጠቱን ልክክ አድርጎ ሸፈነው። ሐኪሟ እጁን አየችው። ጠዋት ሦስት ጊዜ የጠየቀችውን ጥያቄ መልስ አሁን በዓይኗ አየችው።

«መቼ?»

«ነሐሴ ሃያ ሁለት።»

«አምስት ሳምንት» አለች በጣቷ ቆጥራ። «በልዞ፣ አብጦ ነበር?»

«ጠቁሮ ነበር» አለ ባየህ።

«ታሽቷል?»

«በሳምንት ሁለት ቀን። በቅቤ።»

ሐኪሟ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ፎቶውን ከፖስታው አውጥታ መስኮቱ ላይ ያዘችውና ሁሉንም ጠርታ አሳየቻቸው። እኛ የምናውቀው አጥንት ይኸ ነው አለች፤ ረጅሙን ነጭ። እብጠቱ ደግሞ ይኸ ደመና የመሰለው። በመካከላቸው ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር አለች፤ አያችኋት? ጠዋትም አይቻት ነበር፤ ለዚህ ነው የጨቀጨቅኳችሁ። ክፉው ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ከአጥንቱ ከራሱ ይነሣል፤ መስመሯ ግን ሁለቱን ትለያለች። ሌላ ግን አለ፤ ጡንቻ ክፉኛ ሲመታና ሲደማ፣ ከዚያም ሲታሽ፣ ሰውነት ተሳስቶ ሥጋው ውስጥ አጥንት ያበቅላል። ይህ ካንሰር አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ከክፉው ጋር በጣም ይመሳሰላል። ቶሎ ናሙና ቢወሰድ በማጉያ መነጽር የሚያየውን ሰው እንኳ ሊያሳስት ይችላል። የሚለያቸው አንደኛው፣ ሰውየው ተመትቶ ነበር ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ጊዜ ነው። ይኸኛው ሲበስል ዳር ዳሩ ይጠነክራል፤ ክፉው ግን መሐሉ ነው የሚጠነክረው።

«እና ድኗል?» አለ ዘመነ።

«ድኗል አልልህም። እርግጠኛ አይደለሁም። ጠዋት ከነበርኩበት ግን በጣም ርቄአለሁ።» ስልኳን አንሥታ ባሕር ዳር ላለ የአጥንት ሐኪም ደወለች። ምቱን ነገረችው፣ ቀኑን ነገረችው፣ መታሸቱን ነገረችው፣ መስመሯን ነገረችው። ብዙ አዳመጠች። ስልኩን ዘግታ ወረቀቱን ሳበችና ምት የለውም በሚለው ላይ ብዕሯን አሳለፈችበት፤ ከጎኑ አዲስ ነገር ጻፈች። «ነገ አትሄዱም። ናሙናው ይቆያል። ከአራት ሳምንት በኋላ ፎቶውን ደግመን ለባሕር ዳሩም ሐኪም እንልክለታለን። ሕመሙ ከባሰ፣ እብጠቱ ከጨመረ አንድ ቀን እንዳትጠብቁ። እስከዚያ ይህን እግር ማንም እንዳያሸው። ቅቤ የለም፣ ወጌሻ የለም። አባ፣ እርስዎም ያግዙኝ።»

ቄስ አዛናው መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ «እለምናቸዋለሁ ዶክተር። ዛሬስ መገዘቱን ፈርቻለሁ» አሉ።

«ኧረ ይግዘቱት አባ!» አለ ባየህ። «ወጌሻው በልመና የሚመለስ ሰው አይደለም።»

ሐኪሟ ነበረች ቀድማ የሳቀችው። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ባየህ ሳቁ እግሩን እያሳመመው ይስቅ ነበር።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ፎቶው ሲደገም፣ እብጠቱ ዙሪያውን እንደ እንቁላል ቅርፊት ጠንክሮ፣ መሐሉ ሳስቶ፣ ያቺም ጥቁር መስመር ሰፍታ ታየች። ባሕር ዳር ያለውም ሐኪም አይቶ ቢላዋ አያስፈልገውም አለ። በዚያን ቀን ግን ይህን ማንም አያውቅም ነበር፤ አውቀው አይደለም የሳቁት።

ቻላቸው ቄሱን ይዞ ወደ ቁሐር ሲመለስ ሦስቱ ወደ እማዋይሽ ክፍል ሄዱ። አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ። ባየህን አልጋው ላይ አስተኙት፤ ዘመነ ከእግርጌው መሬት ላይ ተቀመጠ። እማዋይሽ ደጅ ወጥታ ከሰሉን አያያዘችና ድስቱን ጣደች። በቀጭኗ ቆርቆሮ በኩል ከውስጥ የሚሰማው ዝምታ ብቻ ነበር፤ ያው ከግዝቱ ወዲህ የምታውቀው ዝምታ። በስልክ ስትደውልላቸው እንኳ ከወዲያ ማዶ ሲተነፍስ ትሰማው ነበር። ጀንበሯ ከመፈልፈያው ጣሪያ ጀርባ ገባች። አንድ የጭነት መኪና መገንጠያው ላይ ጥሩንባውን ነፋ።

«አያ» አለ ባየህ ከውስጥ።

«ወይ።»

«ያን ዕለት እኮ በጣም አሞኛል።»

እማዋይሽ ማማሰያውን እንደያዘች ቆመች።

«አውቃለሁ» አለ ዘመነ።

«አታውቅም።»

ከዚያ የአልጋው ሽቦ ሲጢጥ ሲል ሰማች፤ ዘመነ ከመሬቱ ተነስቶ ከወንድሙ ጎን አልጋው ላይ ተቀምጧል።

«እንግዲያ ንገረኝ» አለው። ባየህም ነገረው።